ያለ ምስማር

ከሰኞ እስከ ዓርብ የውኃ ቆጣሪ አነባለሁ፣
መሐል ሜዳን በር በበር አንኳኳለሁ፣
ውሻ እስኪያስሩ እጠብቃለሁ፣
ጎንበስ ብዬ ቁጥሩን እጽፋለሁ።
«ቁጭ በል» የሚል ሰው ስንት እንዳለ አውቃለሁ፤
ሁለት ነበሩ፤ አንዷ አምና ቤቷን ሸጣ ሄደች።

ቅዳሜ ግን የራሴ ነው።
ከጓሮዬ፣ ነፋስ ቆርቆሮ በሚያስፏጭበት፣
የጓሳ ብርድ በስንጥቁ እጁን በሚሰድበት፣
መጋዝና መሮዬን፣ መላጊያዬን ይዤ
እገባለሁ፣ ጋቢዬን በወገቤ ጠምዝዤ።
አግዳሚ ወንበር እሠራለሁ። ሌላ አልሠራም፤
አልጋ አልሞክርም፣ ቁም ሳጥን አልነካም።
ደግሞም አልሸጥም።
ሚስቴ ይኼ ነው የማይገባት፦
«እንጨቱ በገንዘብ፣ ጉልበቱ በነፃ፣
ምን ይሉት ሱስ ነው?» ትላለች ስትቆጣ፤
መብራት የሄደ ዕለት ግን ስልኳን አብርታ
ታሳየኛለች መስመሩን፣ በሩ ላይ ተጠግታ።

የመጀመሪያውን በምስማር ነበር የመታሁት፣
በአሥር ቁጥር፣ ዙሪያውን ጃርት ያስመሰልኩት።
ባሕር ዛፍ ነው፣ እርጥብ፤ እኔ ስቸኩል
እሱ ገና ሲጠማዘዝ፣ ገና ውኃው ሲጎድል።
የወይዘሮ ዘነበወርቅ ልቅሶ ላይ እድሩ ተዋሰው፤
ድንኳን ውስጥ፣ እንደ ምንም፣ ቻለ አራት ሰው፤
አምስተኛው መጡ፣ ጋሽ ገዝሙ፣
«እስቲ ጠጋ በሉ» እያሉ፣ እያዘገሙ፣
ገና ጋቢያቸውን ሰብስበው ሳይጨርሱ፦
ጯ!
እግሩ ወደ ውጭ፣ ሰዉ ወደ ታች፣
ከለቀስተኛው መሐል አንዲት ልጅ ሳቀች።
እኔ ያን ቀን መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ሰኞ ቆጣሪያቸውን ላነብ ስሄድ ጋሽ ገዝሙ፣
ስለ ወገባቸው አንድም ነገር ሳያነሱ፣
ከጎተራ ሥር ጥቁር ቀንበር ጎትተው አመጡ፤
«አባቴ ነው የጠረበው። ሁለት በሬ ሲታገለው፣
ዝናብ ሲደበድበው፣ ፀሐይ ሲተኩሰው
ስንት ዘመን? በል፣ ምስማር ካለው አሳየኝ።»
አገላበጥኩት። ማነቆው በብሱ፣ ብሱ በማነቆው፤
ሌላ የለም።
«ልጄ፣ የተጣላ በሰንሰለት አይታረቅም፤
እንጨትም እንዲሁ ነው። ቁጭ በል።»
ቁጭ አልኩ፣ ድንጋይ ላይ።

ከዚያ ወዲህ ምስማር አልገዛሁም።
ጥዱን ዓመት አደርቀዋለሁ፣ ከጣሪያ ሥር አጋድሜ፣
ብሱን በመሮ እፈለፍላለሁ፣ ትንፋሼን አቁሜ፤
ምላሱን እጠርባለሁ። ምላስ ደግሞ ያው ምላስ ነው፣
ሲቀጥን ይዋሻል፣ ሲወፍር ቤት ይሰነጥቃል፤
ልኩን ያወቀ ብቻ አፉ ውስጥ ዝም ይላል።
ከዚያ የወይራ ካስማ። የብሱ ቀዳዳ
ከምላሱ ቀዳዳ በአንድ የገብስ ፍሬ ይዛነፋል፤
ስህተት ይመስላል፤
ካስማው ግን በዚያች ጠባብ ጎብጦ ሲያልፍ
እግሩን ወደ ወንበሩ ስቦ፣ ስቦ ያስጨብጠዋል።
ይህችን ገብስ የምታህል ተንኮል
እኔና ወይራው ነን የምናውቃት።

ሦስት ዓመት ሠራሁ።
አንዱ ጤና ጣቢያው በር፣ አንዱ መናኸሪያ፣
አንዱ ከጋሽ ገዝሙ ደጃፍ፣ ከቆጣሪው አጠገብ፤
ወር በገባ ቁጥር «ቁጭ በል» ሲሉኝ
የገዛ ሥራዬ ላይ ቁጭ እል ነበር፣
እሳቸው መጋጠሚያውን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ
ስለ ዝናብ ሲያወሩ።

በኅዳር፣ ውርጩ ገብሱን በለበለበው ሳምንት፣
እድሩ ያንኑ ወንበር ከደጃፋቸው አንሥቶ
ድንኳን አስገባው።
ቆጠርኩ፦ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ሰው ተቀመጠበት፤
ሰባተኛው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣
እሱ ብቻውን ሁለት ነው።
ስለ ወንበሩ አንድም ሰው አልተናገረ፤
ስለ ጋሽ ገዝሙ አወሩ፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ውርጩ።
እኔ ከድንኳኑ ዳር፣ ቦታ ስላልነበረ፣
ቆሜ፣
ጆሮዬን እግሩ ላይ ጥያለሁ።
ጢቅ አላለም።